ጠባቂው ማን ነው?
«ይጠበቃል» ስለሚለው ቃል የተደረገ የሕዝብ ንግግር



ማታ ማታ ዜና የሚሰማ ሰው «ተብሎ ይጠበቃል» የሚለውን ሐረግ ሳይሰማ ወደ መኝታው አይሄድም። መንገዱ በመጪው ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል። ጉባኤው ውሳኔ ያሳልፋል ተብሎ ይጠበቃል። የልዑካን ቡድኑ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ሐረጉ የዐረፍተ ነገሩን ጭራ ስለሚይዝ፣ ከመልመዳችን ብዛት ማንም ልብ አይለውም፤ አንባቢውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ዛሬ እዚያችው ጭራ ላይ ቆሜ ጠባቂው ማን እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄው የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሠሪ አለው። «የሚጠበቀው» ሲነገር «የሚጠብቀው» ከጠፋ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ወጥቷል ማለት ነው።

ከድምፁ እንጀምር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሰሌዳ ላይ «ይጠብቃል» ብዬ ብጽፍ ግማሾቻችሁ ስለ ገመድ፣ ግማሾቻችሁ ስለ ዘበኛ ልታስቡ ትችላላችሁ። ለገመዱ ከሆነ «ብ» ላልታ ትነበባለች፤ ለዘበኛው ከሆነ ጠብቃ። መጥበቅን የሚናገረው ቃል ራሱ ላልቶ መነበቡ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንሄድ ደግሞ ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ «ቋጠሮው ጠበቀ» እና «ዘበኛው ጠበቀ» በጽሕፈትም በድምፅም አንድ ናቸው። በፊደል የሚለያዩት «መጥበቅ» እና «መጠበቅ» ስንል ነው። ዛሬ ገመዱን ትተን ዘበኛውን እንከተል።

ግዕዝ በዚህ ጉዳይ ላይ ቆጣቢ አልነበረም። ለመንከባከብና ለመከላከል «ዐቀበ» ይላል። ቆሞ ለመጠበቅ «ጸንሐ» ይላል። የሚመጣውን በበጎ ለመናፈቅ «ተሰፈወ» ይላል፤ ዛሬ የምንለው «ተስፋ» የዚህኛው ቤተሰብ ነው። አማርኛ ግን የፊተኞቹን ሁለቱን ሥራ ለአንድ ግስ ሰጠው። በር የሚጠብቀውም፣ እንግዳ የሚጠብቀውም፣ ቃሉን የሚጠብቀውም፣ ሰንበትን የሚጠብቀውም፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውም ያው «ጠበቀ» ነው። ዐቀበም ቢሆን ጨርሶ አልሞተም፤ በማዕረግ ስም ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በቀድሞው ቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባል ታላቅ ማዕረግ ነበር፤ ዛሬም «ዐቃቤ ሕግ» አለን።

እስኪ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ግቡና ቃሉን በየወንበሩ ተቀምጦ እዩት። በአንድ በኩል የሚከሰው በግዕዙ ግስ ጠባቂ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ። በሌላው በኩል የሚከራከረው በአማርኛው ግስ ጠባቂ ነው፤ ጠበቃ። በሩ ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ነው። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ባለጉዳዮች ደግሞ ቀጠሯቸውን ይጠብቃሉ። አራቱም ከአንድ ሐሳብ የተቀዳ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከአራቱ ደሞዝ የማይከፈላቸው ግን የመጨረሻዎቹ ብቻ ናቸው።

አማርኛ እነዚህን ሁለት ትርጉሞች ማዋሐዱ የቃል ድህነት ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ማሽላ በሚዘራበት አገር ያደገ ሰው ማማውን ያውቀዋል። እህሉ እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይወጣል፤ ግሪሳውን ያባርራል፣ ዝንጀሮውን ያስደነግጣል፣ ቀኑ ይመሻል። ምን እየሠራህ ነው ቢሉት «ማሽላ እጠብቃለሁ» ይላል። እንዳይበላ እየተከላከለ ነው ወይስ እስኪደርስ እየታገሠ ነው? ልጁ ጥያቄው አይገባውም። ሁለቱ ለእሱ አንድ ሥራ ናቸው፤ መድረሱን ተስፋ ባያደርግ ኖሮ አይከላከለውም፤ ባይከላከለው ኖሮ የሚደርስ ነገር አይኖርም። ግብ ጠባቂም እንዲሁ ነው። ከ11 ሜትር የሚመታ ፍፁም ቅጣት ምት መስመሩን ለማለፍ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ በዚያች ቅጽበት አይቶ መዝለል ስለማይቻል በረኛው ኳሷ ወዴት እንደምትመጣ አስቀድሞ ገምቶ ይዘላል። የሚመጣውን ሳይጠብቅ ግቡን መጠበቅ አይችልም።

ሳይጠብቁ የሚጠብቁ ሰዎችስ? ለእነሱም ቋንቋው ስም አውጥቶላቸዋል፤ «የሰው እጅ ጠባቂ»። ይህ ስድብ ነው፤ የስድቡም ምሥጢር ከሁለቱ ትርጉሞች አንደኛው መጉደሉ ነው። እጅ ጠባቂው የሚመጣውን ያያል፤ የሚመጣበትን ግን አይንከባከብም።

እዚህ ላይ ከ«ቆየ» ጋር ያለውን ልዩነት ባነሣ ይጠቅማል። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» እንላለን እንጂ «የጠበቀ ከሚስቱ ይወልዳል» አንልም። መቆየት ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ ምንም ነገር ሳያዩ መቆየት ይቻላል። መጠበቅ ግን ተሳቢ ይፈልጋል። «እየጠበቅሁ ነው» ላለ ሰው የሚቀጥለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፤ «ማንን?» ወይም «ምን?»

ግሱ ላይ የሚንጠለጠሉት ትናንሽ ቃላትና ምዕላዶች ደግሞ የኑሯችንን ውል ይዘዋል። «መብቱ ይጠበቅለታል» ሲባል ሰውየው ተጠቃሚ ነው። «ግብር መክፈል ይጠበቅበታል» ሲባል ባለዕዳ ሆነ። በ«ለ» እና በ«በ» መካከል ያለው ርቀት በመቀበልና በመክፈል መካከል ያለው ርቀት ነው። የመጨረሻው ዐይነት ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል፤ «ይጠብቀዋል»። «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ምርቃት ነው። «ፍርድ ይጠብቅሃል» ዛቻ ነው። ግሱ አንድ፣ ተሳቢው አንድ፤ ዋናው ለውጥ ባለቤቱ ላይ ነው። «ብዙ ሥራ ይጠብቀናል» ስንል እኛ መጪውን ጊዜ አንጠብቅም፤ መጪው ጊዜ ራሱ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እኛን ይጠብቃል።

በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን «ቤተሰብ ይጠብቀኛል» ስትል ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትናገራለች። መመለሷን ይናፍቃሉ፤ በየወሩ የምትልከውንም ያያሉ። የትኛው እንደሚበልጥ እሷም ሁልጊዜ አታውቀውም። ሦስተኛው ትርጉም፣ ከጉዳት መከላከሉ፣ ግን እዚያ የለም። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከጉዳት የሚጠብቃት አካል መሆን የሚገባው ሰውዬ ራሱ ከእሱ ልትጠበቅ የሚገባት ሰው ሊሆን ይችላል።

ከመጠበቅ የሚወለድ ቅሬታም አለ። «ከአንተ ይህን አልጠብቅም ነበር» ከሚለው የከፋ ወቀሳ በወዳጅ መካከል ብዙ የለም። ተናጋሪው ስለ ግምቱ ስሕተት እየነገረን አይደለም፤ ስለ ፈረሰ ውል እየነገረን ነው። ገና ባልተቀመጠ እንግዳ ፊት ደግሞ «አልጠበቅንህም ነበር» ማለት አደገኛ ነው። «ትመጣለህ ብለን አላሰብንም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ሳንጠብቅህ በላን» ማለትም ሊሆን ይችላል። ብልህ ባለቤት ስለዚህ ቃሉን አትደፍረውም፤ ቶሎ ብላ እጅ ታስታጥባለች።

እንግዲህ ወደ ዜናው እንመለስ። ይህን ያህል ሥራ፣ ይህን ያህል ውል የተሸከመ ግስ በተደራጊ መልኩ «ይጠበቃል» ሲሆን ምን ይደርስበታል?

በመጀመሪያ፣ ያለቦታው ሲገባ ጆሮ ይጎረብጣል። «በአደጋው የሟቾች ቁጥር ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል» የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። አገባቡ ከውጭ የዜና ወኪሎች ጽሑፍ በጥድፊያ ሲተረጎም የገባ ነው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ ግን የሚጠበቅ ነገር ቢያንስ በር ይከፈትለታል። ልጃቸው ከተሳፋሪዎቹ መካከል የነበረ እናት ይህን ሰምተው «ማነው እሱ የሚጠብቀው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ለክፉ ነገር የተዘጋጁ ግሶች ሞልተውናል፦ ይሰጋል፣ ይፈራል። ቁጥር ብቻ ለመናገር ደግሞ «ይገመታል» አለ፤ ገማቹ እንዲጠየቅም በር ይከፍታል።

የባሰው ችግር ግን ቃሉ በትክክለኛ ቦታው ሲገባ ያለው ነው። «መንገዱ በመጪው ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ጀርባ የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ተቋራጩ ውል ፈርሞ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቃል ኪዳን ነው። ባለሥልጣኑ አቅዶ ሊሆን ይችላል፤ ያ እቅድ ነው። መሐንዲሱ አስልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግምት ነው። ወይም ማንም ምንም ሳይል የሰፈሩ ሰው በአቧራ ተሰላችቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ምኞት ነው። ቃል ኪዳን ሰጪ አለው፣ እቅድ አቃጅ አለው፣ ግምት ገማች አለው። ቀኑ ሲያልፍ ሄደን በሩን የምናንኳኳበት ሰው አለ ማለት ነው። «ይጠበቃል» ሲባል ግን አራቱም አንድ ጋቢ ለብሰው ይወጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የዋሸ የለም፣ የተሳሳተም የለም። ይጠበቅ ነበር፤ አልሆነም፤ አሁንም ይጠበቃል።

አማርኛ እርግጠኝነትን መመዘን የማይችል ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ይቅር እንል ነበር። ግሳችን ለትንቢት የተለየ መልክ እንደሌለው ሰዋስው የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ «ይመጣል» የዘወትሩንም የነገውንም ይችላል። ነገር ግን በዙሪያው ያለውን መሰላል ተመልከቱ። «ይመጣል» ያለ ሰው ኃላፊነቱን ወስዷል። «ሊመጣ ነው» ያለው እግሩን አይቷል። «ሳይመጣ አይቀርም» ያለው ምልክት አለው፤ በሁለት አሉታ አንድ አዎንታ ሠርቷል፣ ግን ለመሐላ አይደርስም። «ይመጣ ይሆናል» ያለው ሚዛኑን መሀል ላይ አቁሞታል። «ይመጣ እንደሆን እንጃ» ያለው እጁን ታጥቧል። አንድ ገበሬ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» ሲል ከብዙ የጽሑፍ መግለጫ የበለጠ ጥንቃቄ አድርጓል። ከ«ይዘንባል» አንድ ደረጃ ወርዶ፣ ከ«ይዘንብ ይሆናል» አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ ልክ በቆመበት ላይ ቆሟል።

ዝናብ ካነሣን አይቀር ትንበያውን እንይ፤ የቃሉ ጉዳት በቁጥር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ዓመቱን በሦስት ወቅት ይከፍሉታል፦ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። ለየወቅቱ ትንበያ ይወጣል። ትንበያና ትንቢት የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ግን ነቢይ ቁጥር አይሰጥም፣ ሜትዎሮሎጂ ይሰጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለፉት ብዙ ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ 30 ዓመታት፣ የአንድ አካባቢ ዝናብ በመጠኑ ቅደም ተከተል ይደረደርና ለሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል። የላይኛው ሲሶ «ከመደበኛ በላይ»፣ የመካከለኛው «መደበኛ»፣ የታችኛው «ከመደበኛ በታች» ይባላል። ምንም መረጃ ባይኖር የእያንዳንዱ ዕድል አንድ ሦስተኛ ነው። ባለሙያው የውቅያኖሶችን ሙቀትና የነፋሱን ሁኔታ አይቶ ይህን ሚዛን ያዘነብለዋል። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ሊል ይችላል።

ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ዜና ሲሆን ግን «በአካባቢው ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ይሆናል። 45 በመቶው መቶ መሰለ። በምሳሌያችን ከመደበኛ በላይ ዝናብ የማይዘንብበት ዕድል 55 በመቶ ነበር፤ ደረቅ ወቅት የመሆን ዕድሉም ከ5 አንድ ነበር። ከአምስት አንዱ ለከተሜ ጃንጥላ የመያዝ ጉዳይ ነው። ለገበሬ ግን የዘር ምርጫ ነው፤ ቶሎ ተዘርቶ ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆየውን ማሽላ ይዝራ ወይስ ዘግይቶ ተዘርቶ ፈጥኖ የሚደርሰውን ጤፍ ይጠባበቅ? 20 በመቶውን ቢሰማ ኖሮ ምናልባት እርሻውን ለሁለት ይከፍል ነበር። ሌላ ትርፍ መግለጫ ሳያስፈልግ «ከመደበኛ በላይ የመዝነቡ ዕድል ያመዝናል፤ ደረቅ የመሆኑም ዕድል ግን አለ» ቢባል ይበቃ ነበር። አማርኛ «ያመዝናል» የሚል ሸጋ ቃል አለው፤ የሚዛን ቃል ነው፣ ሁለተኛው ሳህን ባዶ አለመሆኑን አብሮ ይነግራል።

ዝናብ ስለ ራሱ የሚባለውን አይሰማም። ገበያ ግን ይሰማል። «የዘይት ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል» ሲባል አንዲት የቤት እመቤት በአንድ ጄሪካን ፈንታ ሁለት ትገዛለች፤ ባለሱቁ የቀረውን ወደ ጓዳ አስገብቶ «የለም» ይላል፤ አከፋፋዩ ጥቂት ቀን ልታገሥ ይላል። በሳምንቱ ዋጋው ይጨምራል፤ የተናገረውም «ብዬ ነበር» ይላል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ራሱን የሚፈጽም ትንቢት ብሎ ጠርቶታል። ምሳሌው በምናቡ የፈጠረው ባንክ ነበር፤ ባንኩ ጤነኛ ነው፣ ይከስራል የሚል ወሬ ይነዛል፣ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ለማውጣት ይሰለፋል፣ ባንኩ እውነትም ይከስራል። በእኛው ቃል ብንናገረው፣ እዚህ ላይ ጠባቂው አልጠፋም፤ ጠባቂው ራሱ አድራጊው ነው። ዋጋውን የጨመረው መጠበቁ ነው። ስለዚህ ስለ ገበያ «ይጠበቃል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታዛቢ ነኝ ብሎ ራሱን ባያታልል ደስ ይለኛል።

ቃሉ ሁልጊዜ ባለቤት አልባ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ሙሉ ሆኖ የቆመበትን ጊዜም አይተናል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቀኑ ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከ14 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት «ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል» ስንት ጊዜ እንደተባለ እናንተም ታስታውሳላችሁ፤ ስለ መዘግየቱ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም አልልም። ነገር ግን ጠባቂው ማን ነው ቢባል መልስ ነበረው። የወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠው መምህር ጠባቂ ነበር። በ8100 አጭር መልእክት ሲልክ የነበረው ተማሪ ጠባቂ ነበር። በሁለቱም ትርጉም ይጠብቁ ነበር፤ ማማ ላይ እንዳለው ልጅ።

ከግሱ የወጣ አንድ የቢሮ ቃልም አለ፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። «ተጠባባቂ»። እግር ኳስ ሜዳ ላይ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ወንበሩን የያዘው ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ እስከ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላቸው ድረስ ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ አንድ ወር ያህል። ቃሉ ያን ጊዜ በልኩ ነበር፤ ቦታውን ይጠብቃሉ፣ ውሳኔውንም ይጠብቃሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ተጠባባቂ ሆነው የሚኖሩት ኃላፊዎች ግን ምን እየጠበቁ እንደሆነ ረስተውት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የመጨረሻው የወጣቶች አነጋገር ነው። አሁን አሁን ባልና ሚስት «ልጅ እየጠበቅን ነው» ይላሉ። የድሮ ሰው «ነፍሰ ጡር ነች» ወይም «ወራቷ ገብቷል» ነበር የሚለው፤ ባልየው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የቋንቋ ተቆርቋሪዎች ይህ አነጋገር ከባዕድ የተቀዳ ነው ይላሉ፤ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን አልቃወመውም። ጠባቂዎቹ ሁለት ናቸው፣ ማንነታቸው ይታወቃል፣ የሚጠብቁትም ይታወቃል፤ ሲመጣ ደግሞ በሌላኛው ትርጉም መጠበቁ ይቀጥላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲያለቅስ የጥበቃው ተራ የማን እንደሆነ ግን እነሱው ይስማሙ።